ቤቱ የራስ፣ ቁልፉ የሰው

የክላውድ ሻጮች በየስብሰባ አዳራሹ የሚደጋግሟት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ “መሠረቱ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ነጻ ናችሁ፤ ከላይ ደግሞ የታወቀ ኩባንያ የማኔጅመንት ሶፍትዌር ስለምንገጥምላችሁ አትቸገሩም።” አዳራሹ ያጨበጭባል። የአይቲ ኃላፊውም ርካሹንና አስተማማኙን አንድ ላይ ያገኘ ይመስለዋል።

ያገኘው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ነጻነቱ ውሉ በተፈረመበት ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

ኦፕን ሶርስ ክላውድን ከድርጅት የማኔጅመንት ሶፍትዌር ጋር ማገናኘት ይቻላል ወይ የሚል ክርክር የለም። ይቻላል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ክርክሩ ሁለቱ ሲገናኙ ማን የማን ጌታ ይሆናል የሚለው ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈርመዋል። የፈረሙበትን ዋጋ የሚያውቁት ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

🔹 ሁለቱ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ክላውድ የሚለው ስም ነገሩን ሰማይ ላይ ያለ ያስመስለዋል እንጂ ነገሩ መሬት ላይ ነው፤ በአንድ ክፍል የተደረደሩ ሰርቨሮች፣ ዲስኮችና የኔትወርክ ገመዶች ናቸው። እነዚህን አንድ ላይ አስሮ ለጠየቀ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ቆርሶ የሚያድል ሶፍትዌር ሲጨመርበት ክላውድ ይባላል።

ኦፕንስታክ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እና ራክስፔስ የተባለው ኩባንያ በጋራ ይፋ አደረጉት። ኮዱ ክፍት ነው፤ አፓቺ 2.0 በሚባለው ፈቃድ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ውስጡ በሥራ የተከፋፈለ ነው፦ ኖቫ ቨርቹዋል ማሽን ያስነሳል፣ ኒውትሮን ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ሲንደር ዲስክ ይመድባል፣ ኪስቶን ደግሞ ማን ምን ማድረግ እንደተፈቀደለት ያጣራል።

ይህ ሁሉ ለሲስተም ባለሙያ ይበቃል። ለድርጅት ግን አይበቃም። ድርጅት ሌላ ጥያቄ አለው፦ ይህን ሰርቨር ማን ጠየቀ? ማን አጸደቀ? ወጪው በየትኛው ክፍል ሂሳብ ይያዝ? መቼ ይዘጋ? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው የማኔጅመንት ሶፍትዌሩ ነው። ለሠራተኛው የአገልግሎት ዝርዝር ያቀርብለታል፣ ጥያቄውን ለአጽዳቂው ይልካል፣ ኮታ ይቆጣጠራል፣ ወጪ ያሰላል። ድርጅቱ አንዱን ክላውድ በራሱ ግቢ፣ ሌላውን ከአማዞን ወይም ከማይክሮሶፍት ተከራይቶ ቢሆን ሁለቱንም በአንድ መስኮት ያሳያል።

አገናኙ ረቂቅ ነገር አይደለም። ለማኔጅመንት ሶፍትዌሩ ኪስቶን ላይ ሰፊ ሥልጣን ያለው አካውንት ይከፈትለታል። በዚያ አካውንት ገብቶ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ጥያቄ ሁሉ በእሱ በኩል በኤፒአይ ወደ ኦፕንስታክ ይተላለፋል። አንድ ጎበዝ ባለሙያ የመጀመሪያውን ግንኙነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መግባቱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ መውጣቱ የዓመታት።

🔹 ቁልፉ የሚቀመጠው የት ነው?

ለምሳሌ አንድ ባንክ እናስብ። በመጀመሪያው ወር የማኔጅመንት ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ኦፕንስታክን ማሳየት ብቻ ነው። በስድስተኛው ወር የሞባይል ባንኪንግ ሰርቨር እንዴት እንደሚገነባ የሚገልጸው ንድፍ በዚያ ሶፍትዌር ቋንቋ ይጻፋል። በዓመቱ የማጽደቂያው ሰንሰለት፣ የመጠባበቂያ ቅጂው ፕሮግራም፣ የክፍሎች ወጪ መዝገብ፣ የሠራተኞች የመግቢያ ፈቃድ ሁሉ እዚያው ይሰፍራል። በሦስተኛው ዓመት ኦፕንስታክን በቀጥታ የነካ ሠራተኛ አይገኝም፤ ሁሉም የሚያውቀው ያንን መስኮት ነው።

ያኔ ከታች ያለው ክላውድ ክፍት መሆኑ ምን ይጠቅማል? ኮዱ የማንም አይደለም፤ ልክ ነው። ድርጅቱ ስለ ራሱ ሥራ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ግን በሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ፣ በሌላ ሰው ቋንቋ ተጽፎ፣ በሌላ ሰው ላይሰንስ ተቆልፎ ተቀምጧል። ቤቱ የራስ ነው፤ ቁልፉ የሰው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። መሠረቱን በርካሽ ወይም በነጻ መስጠት የሚያከስረው የመሰለው ሰው ተሳስቷል። ገንዘቡ ያለው መሠረቱ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው።

🔹 ከቪኤምዌር ታሪክ ምን ይነበባል?

ይህ የፍርሃት ወሬ እንዳይመስል አንድ በአደባባይ የታየ ታሪክ እንይ።

ቪኤምዌር ለብዙ ዓመታት የድርጅት ቨርቹዋል ማሽን ገበያ ንጉሥ ነበር። ኦፕንስታክ ሲነሳ ብዙ ሰው የቪኤምዌር ተቃራኒ አድርጎ አየው። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ብልህ ውሳኔ ወሰነ። በዚያው ዓመት ዳይናሚክኦፕስ የተባለውን የክላውድ አውቶሜሽን ኩባንያ ገዛ፤ ኒሲራ የተባለውንና በኦፕንስታክ ኔትወርክ ሥራ ዋና ተሳታፊ የነበረውን ኩባንያም በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ፤ ራሱም የኦፕንስታክ ፋውንዴሽን አባል ሆነ። የዳይናሚክኦፕስ ሶፍትዌር ቆይቶ ቪሪአላይዝ አውቶሜሽን፣ ኋላም አሪያ አውቶሜሽን ተባለ። በ2015 ደግሞ ቪኤምዌር የራሱን ኦፕንስታክ አወጣ፤ ከፍተኛውን የቪስፊር ላይሰንስ ለያዙ ደንበኞችም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አቀረበው።

መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ክፍቱን ኤፒአይ ተጠቀሙ፤ ከታች የሚሠራውም ከላይ የሚቆጣጠረውም ግን የእኛ ይሁን። በወቅቱ ብዙ ባለሙያ ይህን እንደ እርቅ ቆጠረው።

ከዚያ ባለቤቱ ተቀየረ። ብሮድኮም በሜይ 2022 በ61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቪኤምዌርን እንደሚገዛ አስታወቀ፤ ግዥው በኖቬምበር 22፣ 2023 ተጠናቀቀ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2023፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያዘው ላይሰንስ ሽያጭ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው በየጊዜው የሚታደስ የደንበኝነት ክፍያ ብቻ ሆነ። በርካታ ለየብቻ ይሸጡ የነበሩ ምርቶችም በጥቂት ጥቅሎች ታሰሩ። የአሪያ የአውቶሜሽን ሶፍትዌርም ጥቅሉ ውስጥ ገባ። ማኔጅመንቱን ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ ቢፈልግም ባይፈልግም ሙሉውን ጥቅል እንዲገዛ ተነገረው።

ይህ በትንንሽ ድርጅቶች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካው የቴሌኮም ግዙፍ ኤቲ ኤንድ ቲ በኦገስት 2024 ብሮድኮምን ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው 75,000 ገደማ ቨርቹዋል ማሽኖች በ8,600 ገደማ ሰርቨሮች ላይ በቪኤምዌር እንደሚያስኬድ ገለጸ። በክሱ ሰነዶች ውስጥ ይፋ በሆነ አንድ ኢሜይል ላይ የኤቲ ኤንድ ቲ ኃላፊ የተጠየቁት ጭማሪ 1,050 በመቶ መሆኑን ጽፈዋል። ብሮድኮም ክሱን ተቃውሞ ተከራከረ፤ ሁለቱ በኖቬምበር 2024 በስምምነት ጨረሱ።

ልብ በሉ፤ ኤቲ ኤንድ ቲ ኦፕንስታክን የማያውቅ ኩባንያ አይደለም። በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የኦፕንስታክ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር፤ ለፕሮጀክቱም ኮድ አበርክቷል። የራሱ መሐንዲሶችና የራሱ ጠበቆች ያሉት ኩባንያ እንኳ ከተቆለፈው ክፍል በጊዜ መውጣት ካቃተው፣ አምስት የሲስተም ባለሙያ ያለው ድርጅት ምን ሊሆን ነው?

🔹 “ኦፕንስታክም እኮ ከባድ ነው”

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም፤ በቅንነት ሊሰማ ይገባዋል።

ኦፕንስታክ በእርግጥ ከባድ ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል፤ ማሻሻል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎችም ሞክረውት ትተውታል። ኤችፒ በሜይ 2014 ሄሊየን ለተባለው ክላውዱ በሁለት ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያፈስ አውጆ ነበር፤ ለሕዝብ ይሸጠው የነበረውን ክላውድ ግን በጃንዋሪ 2016 ዘጋው። የኦፕንስታክ ሥራውን የተረከበው ሱሴም በኦክቶበር 2019 የኦፕንስታክ ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ። እንግዲህ ክፍት የሆነውም ሰው ጥሎ ይሄዳል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ሌላም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲስተም ሲወድቅ ኃላፊው የሚደውልለት ሰው ይፈልጋል። የኦዲት ሰው ሲመጣ “ማን አጸደቀው?” ለሚለው ጥያቄ ሰነድ ይፈልጋል። እነዚህ ተገቢ ፍላጎቶች ናቸው፤ የማኔጅመንት ሶፍትዌርም ያሟላቸዋል።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፦ ሻጭ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ።

ሱሴ ሲወጣ ኦፕንስታክን ይዞ አልሄደም። ደንበኛው ሥራ ነበረበት፤ ሽግግር ያደክማል፤ ነገር ግን ያንኑ ኮድ የሚያውቁ ሌሎች ኩባንያዎች ነበሩ፣ ኤፒአዩም ያው ነበር። ሬድ ሃት ማኔጅአይኪው የተባለውን የክላውድ ማኔጅመንት ኩባንያ በ104 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱን በዲሴምበር 2012 አስታወቀ፤ ክላውድፎርምስ ብሎ ሸጠው፤ በ2014 ደግሞ ኮዱን ለሁሉም ከፈተው። ክላውድፎርምስ በኋላ በሬድ ሃት ስም መሸጡ አበቃ። ማኔጅአይኪው ግን አሁንም ክፍት ሆኖ ይሠራል። ይህ ደግሞ የማኔጅመንት ሶፍትዌር ራሱ የግድ የተቆለፈ መሆን እንደሌለበት ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ይጨመር። ሰርቨርን በጽሑፍ ንድፍ ለመገንባት ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቴራፎርም በኦገስት 2023 ፈቃዱ ተቀየረ፤ ባለቤቱ ሃሺኮርፕ ከእሱ ጋር ለሚወዳደሩ አገልግሎቶች ገደብ አበጀ። ተጠቃሚዎቹ ምን አደረጉ? የመጨረሻውን ክፍት ኮድ ወስደው ኦፕንቶፉ የተባለ የራሳቸውን አቆሙ፤ ሊነክስ ፋውንዴሽን ተቀበለው፤ በጃንዋሪ 2024 ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ወጣ። የቪኤምዌር ደንበኞች ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር? አይችሉም። በእጃቸው የነበረው ደረሰኝ ብቻ ነው።

ክፍት ኮድ ያለው ዋስትና ይህ ነው። ሻጭ እንዳይከዳ አያደርግም፤ ሲከዳ ግን ደንበኛውን ባዶ እጁን አያስቀረውም። ከላይ የተቆለፈ ማኔጅመንት የሚገጥም ሰው ደግሞ ይህን ዋስትና በገዛ እጁ ይሰርዛል።

በጄኔቭ የሚገኘው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ከጁላይ 2013 ጀምሮ ኦፕንስታክን ለዋና ሥራው ይጠቀማል፤ ከ300,000 በላይ የፕሮሰሰር ኮሮችን አስተዳድሮበታል። የሚያስተዳድሩት የራሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ያሻሻሉትንም ኮድ ለፕሮጀክቱ ይመልሳሉ። “ሁሉም ሰው ሰርን አይደለም” ይባላል፤ እውነት ነው። ከሰርን የሚወሰደው ትምህርት ግን የገንዘቡ መጠን አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ መሣሪያ። ብዙ ድርጅት ግን መሣሪያውን ይገዛና ሰው መቅጠርን እንደ ትርፍ ወጪ ያየዋል።

🔹 ይህ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው?

ብዙ ነገሯ ነው። የውጭ ላይሰንስ የሚከፈለው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የ100,000 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ከ5.7 ሚሊዮን ብር ወደ 10 ሚሊዮን ብር ተሻገረ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሻጩ ራሱ ዋጋ የጨመረ ቀን የሚመጣውን ማስላት ለአንባቢ ይተው።

አገሪቱ ክፍት ሶፍትዌርን ለትልቅ ሥራ መጠቀምን አታውቅም የሚባልም አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የሚሊዮኖችን ማንነት የሚሸከም ሥርዓት በክፍት ኮድ ላይ ማቆም ከተቻለ፣ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሰርቨርን በክፍት መሣሪያ ማስተዳደር የማይታሰብ ሊሆን አይችልም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ “መረጃችን አገር ውስጥ ነው?” የሚለው ጥያቄ በየመድረኩ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ማን እንደሚገባበት የሚወስነው ሶፍትዌር ላይሰንሱ ባልታደሰ ቀን የሚቆም ከሆነ፣ መረጃው አገር ውስጥ ያለው በአካል ብቻ ነው። “የት ነው የተቀመጠው?” ከሚለው ቀጥሎ “ማን ነው የሚከፍተው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው አንድ እውነት አለ። ለላይሰንስ የሚወጣ ገንዘብ በግዥ ሕግ ቀላል ነው፤ ጨረታ ይወጣል፣ ደረሰኝ ይመጣል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ለጎበዝ ባለሙያ ጥሩ ደመወዝ መክፈል ግን የደመወዝ እርከን ያስነሳል፣ ክርክር ያመጣል። ነገሩ ሲበላሽም “የታወቀ ኩባንያ ነው የገዛነው” የሚለው መልስ ኃላፊውን ያድነዋል። ስለዚህ ድርጅቱ በየዓመቱ ለሻጩ ይከፍላል፤ ባለሙያው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከዚያ “ባለሙያ ስለሌለን የታወቀውን መግዛት ነበረብን” ይባላል። ባለሙያውን ያሳጣው ውሳኔ ራሱ፣ ባለሙያ በመጥፋቱ ይሰበካል።

🔹 ከመፈረም በፊት

የማኔጅመንት ሶፍትዌር አትግዙ የሚል ሰው የለም። አጽዳቂ፣ ኮታና የወጪ መዝገብ ያስፈልጋል። መሆን ያለበት ግን ሶፍትዌሩ ሊነቀል የሚችል መስኮት ሆኖ እንጂ የቤቱ ምሰሶ ሆኖ አይደለም። ለዚህ አምስት ጥያቄ ይበቃል።

1️⃣ የሰርቨሮቹ ንድፍ የሚጻፈው በማን ቋንቋ ነው? ሂት፣ ኦፕንቶፉ ወይም አንሲብልን በመሰለ ክፍት መሣሪያ ተጽፎ በድርጅቱ የራሱ የኮድ ማከማቻ መቀመጥ አለበት። የማኔጅመንት ሶፍትዌሩ ንድፉን ይጥራው እንጂ አይውረሰው።

2️⃣ የሠራተኞች ማንነትና ፈቃድ የት ነው? ኪስቶን በቀጥታ ከድርጅቱ የሠራተኛ መዝገብ ጋር ይገናኝ። ለማኔጅመንት ሶፍትዌሩ የሚሰጠው አካውንት የሚያስፈልገውን ያህል ሥልጣን ብቻ ይኑረው፤ ብቸኛው አስተዳዳሪ ከቶ አይሁን።

3️⃣ የማጽደቂያና የወጪ መዝገቡ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ በየጊዜው ይወጣል? “ስትፈልጉ እናወጣላችኋለን” መልስ አይደለም። መውጣቱ ዛሬ ይሞከር።

4️⃣ ሻጩ ቢሸጥ ውሉ ምን ይላል? የዋጋ ጭማሪ ጣሪያ፣ የሽግግር ጊዜ፣ ምርቶቹን ለየብቻ የመግዛት መብት በጽሑፍ ይስፈር። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ ወዲህ ይህን አንቀጽ የማይጠይቅ የግዥ ክፍል ምክንያት የለውም።

5️⃣ ኦፕንስታክን ያለ ማኔጅመንቱ ማንቀሳቀስ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች አሉ? አንድ አይበቃም፤ አንዱ ሊታመም፣ ሊሄድ ይችላል።

“ጊዜ የለንም፤ በጀቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል” የሚል አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሰኔ ጥድፊያ የተፈረመ ውል በሚቀጥለው ሰኔ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ሂሳቡን እያሳደገ ይመለሳል።

ቀድሞ የፈረመ ድርጅትስ? ለእሱ አንድ ፈተና አለ፤ ወጪም የለውም። አንድ ቅዳሜ ተመርጦ የማኔጅመንት ሶፍትዌሩ ይጥፋ፤ ከታች ያለው ኦፕንስታክ ይሥራ። ከዚያ ባለሙያዎቹ አንድ አዲስ ሰርቨር እንዲያስነሱ፣ አንድ የተበላሸ ከመጠባበቂያው እንዲመልሱ፣ የአንድ የለቀቀ ሠራተኛ ፈቃድ እንዲሰርዙ ይጠየቁ። ሦስቱንም እስከ ማታ ከጨረሱ ድርጅቱ መሣሪያ ገዝቷል። ካልቻሉ ግን የተገዛው ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ይህንንም ከሻጩ የዋጋ ደብዳቤ ከመስማት በዚያ ቅዳሜ ማወቅ ይሻለዋል።